ከአየር ማረፊያው ምሰሶ ሥር

ለእህት ዓለሜ ለሙሉመቤት፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ሕዝቅያስና ልጆቹ፣ ጎረቤቱስ ሁሉ ደኅና ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። እማዬ ዛሬ ገንፎ ቀመሰች፤ ቀምሳም ጨው አነሰው ብላ ተቆጣችኝ። ሐኪሙ ግን ፊቱ አይፈታም፤ ቶሎ መምጣትሽ ደግ ነው።

አየር ማረፊያው ግር ይለኛል ላልሽው፣ ከአውሮፕላኑ ስትወርጂ ሰዉን ተከተዪ። የፓስፖርቱ ሰልፍ ይረዝማል፤ ግን አያመናጭቁም፣ "ካሪቡ ማማ" ብለው እንኳን ደኅና መጣሽ ይሉሻል። አደራ፣ በርበሬውን በፌስታል እንዳትጠቀልዪ! እዚህ አገር ፌስታል ክልክል ነው፤ አንዷ የኛ ሰው ፌስታሏን ወስደውባት ድርቆሿን በነጠላዋ ቋጥራ ወጥታለች። በሩ ላይ ስም የጻፉ፣ ሲም ካርድ የሚሸጡ፣ "ቴክሲ" የሚሉ ይከቡሻል፤ ዝም ብለሽ እለፊ። ከኋላቸው ወፍራም ምሰሶ አለ። እዚያ ሥር ግን አልጠብቅሽም።

ምክንያቱን ልንገርሽ። እዚሁ ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ የሚባል ሰፈር የሚኖሩ እትዬ ኣስመረት የሚባሉ የአስመራ ሴት አሉ። ልጃቸውን ሊጠይቁ አዲስ አበባ ሄደው፣ ሊመለሱ ሲሉ ባለቤታቸው ጋሽ ዘርአይ እዚህ ድንገት አረፉ። የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ዓምደሚካኤል፣ "መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ቤታቸው ገብተው ይሰማሉ" አሉ። እኛም ጥቁራችንን መኪና ውስጥ ትተን፣ ደማቅ ደማቁን ለብሰን በጠራራ ፀሐይ በሩ ላይ ተደረደርን። ጥርሳችንን እያሳየን ሳምናቸው። እሳቸው ግን በትከሻችን ላይ አሻግረው እያዩ፣ "ዘርአይ እዚያ ምሰሶው ሥር ቆሟል እኮ፤ ደግሞ ግራጫ ኮት ከየት አመጣ? ምነው አትጠሩትም?" አሉ።

ዞርን። ባዶ የሻንጣ ጋሪ ብቻ ነበር። እህቴ፣ ያንን ግራጫ ኮት ጋሽ ዘርአይ የገዙት ሚስታቸው ከሄዱ በኋላ ነው፤ ሊቀበሏቸው ብለው። ለማንም አላሳዩትም ነበር፤ እኛም ያየነው ካረፉ በኋላ፣ ቀኑ የተጻፈበት ደረሰኝ ከነኪሱ እንዳለ ቁም ሣጥናቸው ውስጥ ተሰቅሎ ነው።

"እሱ ሳይመጣ መኪና አልገባም" ብለው ድርቅ አሉ። ጎረቤታቸው ጌጤ፣ "ቀድሞዎት ቤት ይደርሳል" ብላ እየሳቀች አስገባቻቸው። ግቢያቸው ውስጥ ድንኳኑን ሲያዩ የጮኹት ጩኸት ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። እስካሁንም፣ "ሊሰናበተኝ መጥቶ ነበር፤ ጎትታችሁ የለያያችሁን እናንተ ናችሁ" ይላሉ። እኔም እንግዳ ልቀበል ስሄድ ዓይኔ ወደዚያ ምሰሶ ይሄዳል። ሰው አየሁ አልልሽም፤ አላየሁም ብዬም አልምልልሽም።

ትናንት ጋሽ ዓምደሚካኤል እኛ ቤት ኪሊማኒ መጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ምናልባት ክፉ ቢመጣ፣ እህትሽን እኛው ወግ ባለው መንገድ እንቀበላታለን" አሉኝ። ለካ እማዬ ከጓዳ ትሰማለች። "አንተ ዓምዴ!" አለች በዚያ በደከመ ድምጿ፣ "ልጄን በሳቅ ሸንግላችሁ እንዳታመጧት። ከሞትሁ እዚያው በሩ ላይ ትስማ፣ ፈረንጅ እያያትም ቢሆን እዚያው ታልቅስ።" እሳቸው ኮፍያቸውን አንሥተው ወጡ፤ እኔ ትራሷ ሥር ተንበርክኬ ቃል ገባሁላት።

ለሕዝቅያስ የከበረ ሰላምታዬን ንገሪልኝ፤ ብሩክታዊትን ግንባሯን፣ ፍራኦልን ሁለቱንም ጉንጩን ሳሚልኝ። እማዬም ሁላችሁንም በየስማችሁ እየጠራች ትመርቃለች።

ስትመጪ ብቻዬን ነኝ የምቀበልሽ። ከበሩ እንደወጣሽ ፊቴን እዪ፤ ከሳቅሁ፣ እማዬ አለች ማለት ነው።

እህትሽ ሳምራዊት
ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.