ሰባት ቤትና የዋሻዋ ሴት

ሐሙስ፣ የካቲት 3 ቀን 2008 ዓ.ም.
ፈተና እያረምኩ ነው። ኤጭ፣ ደብተሬ! ክፍሉ በሙሉ “ኒያንደርታል ዝንጀሮ ነው” ብሎ ጽፏል። ሰው ነው ብዬ ነበር እኮ! ድሮ በአውሮፓና በእስያ ዋሻ ይኖር የነበረ፣ እሳት የሚያነድ፣ ቆዳ የሚፍቅ ሰው። ምን ይበላ እንደነበር ጥርሱ ላይ ከደረቀው ቆሻሻ ታውቋል። የገዛ ወገኑን አጥንት ሰብሮ መቅኑን የመጠጠም አለ።

11 ሰዓት። ጋሽ ተሰማ፣ የአባቴ ወንድም፣ ቀበና ቤታችን መጣ። (ፊቱ አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን አንቱታ አላባክንበትም።) አባዬ ከሞተ ወዲህ እሺም እምቢም የሚለው እሱ ነው። እሑድ የፍቅረኛዬ የሙሉጌታ ሽማግሌዎች ሊጠይቁኝ ይመጣሉ። የሙሌን ዘር እስከ ሰባት ቤት እያስቆጠረ ነው። ዘመድ እንዳትሆኑ ነው ይላል።

ቅዳሜ፣ የካቲት 5
ጋሽ ተሰማ የሚፈልገውን አገኘ። የሙሌ ሴት አያት እንጦጦ ሥር ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ቡዳ፣ አለ፤ እማዬ ፊት። ዘራችንን አያበላሽብንም አለ። ይሄን እያለ ሽሮውን ከሸክላ ድስት ጠራርጎ በላ። ድስቱን ማን ሠራው? አስጠላኝ።

ወሬ ልለውጥ ብዬ ስለ ት/ቤት አወራሁ። ፈረንጆች ውስጥ የኒያንደርታል ዘር አለ ስለው ሳቀ፤ ደስታው ሌላ ነው። እኛም ውስጥ ጥቂት አለ፣ ድሮ ከእስያ የተመለሱ ሰዎች አምጥተውታል አልኩት። ሳቁ ቆመ። ሰው ፊት እንዳትደግሚው አለኝ።

ከዚያ ለትዳር ያሰበልኝን የራሱን ሰው አነሳ። ባለሱቅ፣ ሀብታም። እማዬ ብትቆጥር በአምስተኛው ቤት ዘመዳችን! አምስትም ይበቃል አለ፤ አላፈረም። አንዲት ኒያንደርታል የዋሻ ሴት አለች፤ ከአጥንቷ በተገኘው ዲኤንኤ ወላጆቿ የቅርብ ሥጋ ዘመዳሞች እንደነበሩ ታውቋል። እነሱስ ሰው አጥተው ይሆናል። እሱ ግን ሸክላ ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን አስወጥቶ ነው ከዘመድ የሚያጋባኝ። ይሄን ሁሉ አልነገርኩትም። ራሴንም ተጸየፍኩ።

እሑድ፣ የካቲት 6፣ 4 ሰዓት
ጓዳ ነኝ። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው፤ ሳሎን ቆመዋል። ጋሽ ተሰማ ቁጭ በሉ እንኳ አላላቸውም። የሸክላ ሠሪዋን ነገር አላነሳም፣ ፈሪ! ልጅቷ ራሷ አልፈልገውም ብላለች አለ። እኔ! በእኔ አፍ!

እማዬ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላለች። ሴት ልጅ እሷን ሊጠይቅ በመጣ ሽማግሌ ፊት አትወጣም፤ ነውር ነው። አንደኛው ሽማግሌ ሊሄዱ በሩን ከፈቱ። ሙሌ ይሄን ከሰማ አበቃ።

ወጥቼ እፈልገዋለሁ ልላቸው ነው