የኮልፌ 18 ማዞሪያ የቤት ኅብረት መሪ እህት ጉዲቱ ገሜዳ ማረፍና ክፍላችን በእርሳቸው ላይ ይዞት የነበረው ጥርጣሬ

የጸና ተስፋ ቤተ ክርስቲያን፣ የቤት ኅብረቶች ማስተባበሪያ ክፍል
ቤቴል፣ ሰኔ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምእመናን፣ ለቤት ኅብረት መሪዎችና ለአካባቢው ነዋሪዎች በሙሉ፤

እህት ጉዲቱ ገሜዳ ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም. በ61 ዓመታቸው ወደ ጌታ መሄዳቸውን ክፍላችን በጥልቅ ሐዘን ያስታውቃል። ሐዘናችን እውነተኛ ነው። ይህን መናገር ያስፈለገን በቀብሩ ዕለት ብዙዎች በጥርጣሬ ስላዩን ነው፤ አልተሳሳቱም።

በዚያ ዕለት ልጃቸው ወ/ሪት ሀዊ ጃለታ አንድ ነገር ብቻ ለምነውን ነበር፤ የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ እናታቸው «የኅብረት መሪ» ተብለው እንዲጠሩ። ከመሪነት የታገዱበት ደብዳቤ ስላልተሻረ አይቻልም አልን። «ምእመን» ተብለው ተቀበሩ። ይህ መግለጫ የወጣው በዚሁ ምክንያት ነው።

እህት ጉዲቱ በአንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ለሃያ ሁለት ዓመት ሠርተዋል። ሐሙስ ሐሙስ ቤት ውስጥ ለጥናትና ለጸሎት የሚሰበሰበውን የ18 ማዞሪያ ኅብረት በ2003 ዓ.ም. የጀመሩት በአምስት ሰው ነው።

በ2008 እና በ2012 ዓ.ም. ከዚያው ኅብረት ሁለት ሌሎች ኅብረቶች ወጡ። መሪዎቻቸውንም ያዘጋጁት እርሳቸው ናቸው። በአደባባይ አመሰገንናቸው፤ በልባችን ግን «እኚህ ሴት የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን ሊያቋቁሙ ይሆን?» ብለን ነበር። ከዚያ በፊት አንድ መሪ ሠላሳ ሰው ይዞብን ሄዷል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብለን በዓይነ ቁራኛ እንከታተላቸው ጀመር።

በ2014 ዓ.ም. መሪ ሁሉ ከጥናት መጽሐፋችን አርባ ደቂቃ እንዲያስተምር መመሪያ አወጣን። እህት ጉዲቱ ምንባቡን ያስነብቡና አንድ ጥያቄ ጠይቀው ዝም ይላሉ። ሰው እስኪናገር ድረስ ዝም ነው። ሦስት ጊዜ የመጣ ሰው በአራተኛው ራሱ ይመራል። በየወሩ በሚልኩልን ቅጽ ላይ «መሪው ያስተማረው» የሚለው ቦታ ባዶ ነበር። ባዶ ቦታ ስናይ ደግሞ የተደበቀ ትምህርት አለ ማለት ይቀናናል።

በኅዳርና በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ሐሙስ 11 ሰዓት ላይ ሦስት ጊዜ ሳናሳውቅ ሄድን። ኅብረቱ የተመዘገበበት ቤት ሦስቱንም ጊዜ ዝግ ነበር። ጎረቤታቸው ወ/ሮ ወለተጻድቅ «እነሱማ በየሳምንቱ ሌላ ቦታ ናቸው፤ የት እንደሚሄዱ እኔ እንጃ» አሉን። መዝገባችን ላይ «ስውር ስብሰባ» ብለን ጻፍን።

ጥር 2016 ዓ.ም. ጠርተን ጠየቅናቸው። መልሳቸው በቃለ ጉባኤያችን እንዲህ ሰፍሯል፦ «የቀረ ሰው ቤት ነው የምንሄደው። ሁለት ሐሙስ የቀረ ሰው ካለ፣ ሦስተኛውን እሱ ቤት እናደርገዋለን። ቤቱ ከጠበበ በረንዳው ላይ እንቀመጣለን።» ከሥሩ «ግልጽ መልስ አልሰጡም» የሚል አስተያየት አለ። አስተያየቱ የእኛ ነው። በአንድ ሰው ተቀይሞ በቀረ ጊዜ አሥራ ሦስት ሰው ደጁ ላይ ያገኘው የኅብረቱ አባል፣ የታክሲ ሾፌሩ አቶ ደሜ፣ ጠዋት ጠዋት በመኪናው የምንሳፈርበት ሰው ነው። አንድም ቀን አልጠየቅነውም።

በዚያው ወር እህት ጉዲቱን ከመሪነት አገድን፤ ኅብረቱንም በትነን አባላቱን ለሌሎች ኅብረቶች አከፋፈልን። እርሳቸው አልተከራከሩም። እሑድ እሑድ እየመጡ ከኋላ ወንበር ላይ ይቀመጡ ነበር። ዝምታቸውንም ጠረጠርነው።

ሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ታመው ሁለት እሑድ ቀሩ። ከክፍላችን ማንም አልጠየቃቸውም። ሐሙስ ሐሙስ ቤታቸው ሰው ይሰበሰባል የሚል ወሬ ሲደርሰን ግን ወዲያው ሰው ላክን። ግንቦት 7 የሄዱት የክፍላችን ባልደረባ ወንድም ፈቀደ የሚከተለውን ጽፈዋል፦

«አሥራ አራት ሰዎች ነበሩ። ደሜ ጥያቄ ጠየቀ። ቤቴል ሰፈር ከገባች ወዲህ ኅብረቱ ርቋት ቀረች የተባለችው አባል ኤልዳና ሕፃኗን ይዛ መጥታ ጸለየች። እህት ጉዲቱ አልጋ ላይ ሆነው ይሰሙ ነበር። እኔንም ‹ወንድሜ፣ አንተስ ምን ትላለህ?› አሉኝ፤ ያሰብኩትን ተናገርኩ። መሪው ማን እንደሆነ መለየት አልቻልኩም።»

ሪፖርቱ ሲነበብ አንድ አባላችን «ይኸው፣ መሪውን ደብቀውታል» አሉ። አብዛኞቻችንም ተስማማን። ወንድም ፈቀደ ግን ተነሥተው «የተደበቀ ሰው የለም፤ ሁሉም መምራት ችለው ነው» አሉ። እህት ጉዲቱ ለአሥራ አራት ዓመት የሠሩት ሥራ ያን ጊዜ ገባን፤ አፈርንም። የእገዳውን ጉዳይ ለግንቦት 20 ስብሰባ ቀጠርነው። እርሳቸው ከስብሰባው ሁለት ቀን ቀድመው አረፉ።

አሁን የእገዳውን ደብዳቤ ሽረናል። የ18 ማዞሪያው ኅብረት ከዚህ ሐሙስ ጀምሮ ይመለሳል። ማን እንደሚመራው አልጠየቅንም፤ አመላችን ጠይቁ ጠይቁ ቢለንም። የሕይወት ታሪካቸው በመጪው እሑድ በጉባኤው ፊት እንደገና ይነበባል። «ይህን ሁሉ የምታደርጉት ሐሜት ፈርታችሁ ነው» የሚለን ቢኖር አንቀየምም፤ ጥርጣሬን ያስተማርነው እኛ ነን።

ለወ/ሪት ሀዊ፣ ለመላው ቤተሰባቸው፣ ለቀድሞ የሥራ ባልደረቦቻቸውና ለኅብረቱ አባላት እግዚአብሔር መጽናናትን እንዲሰጣችሁ እንለምናለን። ወ/ሪት ሀዊን ደግሞ በቀብሩ ዕለት ስለነፈግናቸው ቃል ይቅርታ እንጠይቃለን።

እህት ጉዲቱ ገሜዳ የኅብረት መሪ ነበሩ። ይህን በጆሯቸው እንዲሰሙት አንድ ዓመት ከአራት ወር ጊዜ ነበረን።