በባዶ ሆድ እንድቀርብ ስለተላለፈልኝ ሁለተኛ ጥሪ

ለክቡር የሥራ ብቃት መርማሪ ቦርድ ሰብሳቢ
መሃል ከተማ፣ ሐዋሳ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቦርዱ አባላት የተሟላ ጤና፣ የማይጓደል የምግብ ፍላጎት፣ እንዲሁም ሦስት ፎቅ ደረጃ ወጥቶ የማይዝል ጉልበት እመኛለሁ። የመጨረሻው እንዳላችሁ እርግጠኛ ነኝ፤ ሊፍት በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የደከሙ ሰዎችን የሚመረምር ቢሮ የከፈታችሁት እናንተ ናችሁና።

እኔ ኃይለጊዮርጊስ ወርቁ፣ በከተማችን ዩኒቨርሲቲ ለሃያ ዘጠኝ ዓመታት የአፈር ሳይንስ ያስተማርኩ፣ ከእነዚህም ስድስቱን በዲንነት ያገለገልኩ፣ ላለፉት አምስት ዓመታት ደግሞ ሐኪሞች ክሮኒክ ፋቲግ ሲንድረም ከሚሉት፣ ተኝተው ቢያድሩም ከማይለቅ የድካም ሕመም ጋር የምኖር ሰው ነኝ። ከቦርድዎ የምጠብቀው አንድ ወረቀት ነው። ሕመሜን የሚያረጋግጠው ይህ ወረቀት እስከ ሰኔ አንድ ከደረሰ፣ ተቀምጬና በየመሐሉ አሥር ደቂቃ እያረፍኩ፣ ጥቂትም እየቀመስኩ እንዳስተምር ዩኒቨርሲቲው ተስማምቷል። ካልደረሰ ግን በሃምሳ ሰባት ዓመቴ ጡረታ እወጣለሁ።

ሕመሙን በአጭሩ ላስረዳ። ሆዴ ባዶ ሲሆን እንደ ሌላው ሰው አይርበኝም፤ ያቅለሸልሸኛል። ሲያቅለሸልሸኝ መብላት አልችልም፤ ካልበላሁ ደግሞ ማቅለሽለሹ ይብሳል፤ ተነሥቼ አንዳች ነገር እንዳላዘጋጅ ድካሙ ከአልጋ አያስነሣኝም። ከዚህ አዙሪት የማመልጠው ሳይጀምር ስቀድመው ብቻ ነው። ስለዚህ ባለቤቴ ወይዘሮ ሙሉጌጥ ማታ ድንች ቀቅላ ታሳድራለች፤ የትኩስ ምግብ ሽታ ስለሚያስመልሰኝ ቀዝቃዛውን በጨው እበላለሁ። ከራስጌዬ ደረቅ ብስኩት ይቀመጣል፤ ጠዋት ጭንቅላቴን ከትራሱ ከማንሣቴ በፊት አንዱን በዝግታ አኝኬ እስኪረጋልኝ እጠብቃለሁ። ከዚያ በኋላ በየሁለት ሰዓቱ፣ ቢያሰኘኝም ባያሰኘኝም፣ ጥቂት ጥቂት እቀምሳለሁ። አንዱን ካሳለፍኩ ያን ቀን ብቻ ሳይሆን ቀጣዮቹን ሦስት አራት ቀናት በመኝታ አሳልፋለሁ።

ይህንን ሁሉ ሐኪሜ በአራት ገጽ ጽፈው፣ በፖስታ አሽገው፣ በታኅሣሥ ወር ለቦርዱ ልከዋል። ከዚያ ወዲህ ለተደረገልኝ መስተንግዶ፣ ቅሬታ የሚለው ቃል በዕድሜዬ ስለማያምርብኝ፣ ምስጋናዬን በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

1ኛ. በየካቲት መጨረሻ ለደም ምርመራ ምንም ሳልቀምስ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እንድቀርብ ስለታዘዝኩ አመሰግናለሁ። በባዶ ሆድ መቆየት የማይችል ሰው መሆኔን ለማረጋገጥ በባዶ ሆድ ከማቆየት የተሻለ መንገድ እንደማይገኝ፣ በሙያዬ ተመራማሪ እንደመሆኔ፣ እመሰክራለሁ። ደሙ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተወስዶ ቢሆን ኖሮ እንደምንም እችለው ነበር፤ የተጠራሁት ግን ሰባት ሰዓት ላይ ነው። አባላቱ ስብሰባ ላይ እንደነበሩ ተነግሮኛል። ስብሰባው ስለ ባለጉዳይ አቀባበል እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው።

2ኛ. ስለ ኮሪደሩም አመሰግናለሁ። እንደሚያስታውሱት ያን ሰሞን ዓቢይ ጾምና ረመዳን ገጥመው ስለነበር፣ አግዳሚው ላይ ከተቀመጥነው ሃያ ያህል ባለጉዳዮች ውስጥ የማይጾም የነበርኩት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። አምስት ሰዓት ላይ ላብ ሲያጠምቀኝና ፊቴ ሲገረጣ፣ ከጎኔ የነበሩ አንዲት ነጋዴ ሴት እጄን ይዘው፣ «አይዞዎት አባቴ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምን አላት፣ ይቺማ ታልፋለች» አሉኝ። ከእኔ ወዲያ ተቀምጠው የነበሩ ሽማግሌ ደግሞ የዛሬ ወጣት እንደ እኔ ባለመጽናቱ አዘኑ። እንዲህ ከተመሰገንኩ በኋላ ከቦርሳዬ የተቀቀለ ድንች ሳወጣ ኮሪደሩ ላይ የወረደውን ጸጥታ በሃያ ዘጠኝ ዓመት የማስተማር ዘመኔ በአንድም ክፍል ውስጥ አግኝቼው አላውቅም። ሴትዮዋ እጄን በቀስታ ለቀቁኝ።

ድንቹን መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። በይሉኝታ የተመለሰ ምግብ ከሕክምና አንጻር እንዳልተበላ እንደሚቆጠር አውቃለሁ፤ ሆኖም በዚያ ሁሉ ጾመኛ ፊት ማኘክ አልሆነልኝም። ጥፋቱ የቦርዱ ሳይሆን የአስተዳደጌ ነው። ሰባት ሰዓት ላይ ስሜ ሲጠራ የኮሪደሩን የአበባ ማስቀመጫ አቅፌ ስለነበር መቅረብ አልቻልኩም። ያቀፍኩበትንም ምክንያት ሁሉም አይቶታል። በዚያ ሰዓት ያነሣኝ ጥበቃው ሳዳም ነው። እርሱም ጾመኛ ነበር። የራሱን ወንበር ሰጠኝ፤ ፊቱን ወደ ደረጃው አዙሮም፣ «ጋሼ፣ እኔ በር ነው የምጠብቀው፣ የሰው አፍ አልጠብቅም፤ ይብሉ» አለኝ። በቦርዱ ሕንፃ ውስጥ የተደረገልኝ ብቸኛ ሕክምና ይህ ስለሆነ፣ ከዚህ በላይ ያለው ምስጋናዬ እንዳለ ለእርሱ እንዲተላለፍልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

3ኛ. ከሁለት ሳምንት በኋላ ስለደረሰኝ ውሳኔ አመሰግናለሁ። «አመልካቹ ያጋጠማቸው የማቅለሽለሽ ሁኔታ ከጾም ጋር የተያያዘ ሆኖ ስለታየ፣ ስለ ጾማቸው ሁኔታ ከንስሐ አባታቸው የጽሑፍ ማረጋገጫ ያቅርቡ» ይላል። ማን እንዳየ አይገልጽም፤ ኮሪደሩ ሳይሆን አይቀርም ብዬ እገምታለሁ።

የንስሐ አባቴ ቄስ መክብብ ሕመሙ የጀመረኝ ሰሞን ታቦር የሚገኘው ቤቴ ድረስ መጥተው፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ሩብ ሰዓት ያህል አይተውኝ፣ «ልጄ፣ አንተ ጾሙን ተወው፤ እያቅለሸለሸህ የምትውጣት ጉርሻ ከእኛ ጾም ትከብዳለች» ብለውኝ ነበር። የቦርዱን ደብዳቤ ሳነብላቸው መነጽራቸውን አውልቀው እስኪጠርጉ ድረስ ሳቁ፤ ቀጥሎም አዘኑ። ከዚያም ብዕር አስመጥተው፣ ይህ ሰው እንደማይጾምና ጾሙን የከለከሉትም ራሳቸው እንደሆኑ በሁለት መስመር ጻፉ።

4ኛ. የቄስ መክብብ ደብዳቤ ቁጥርና ማኅተም የለውም ተብሎ ስለተመለሰ፣ የእርሳቸውንም ምስጋና ጨምሬ አመሰግናለሁ።

5ኛ. በመጨረሻም ስለ ሁለተኛው ጥሪ ከልብ አመሰግናለሁ። ግንቦት 21 ቀን፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ ምንም ሳልቀምስ እንድቀርብ ታዝዣለሁ። በዚያው ቀንና ሰዓት ለአርባ ሦስት ተመራቂ ተማሪዎቼ የመጨረሻውን ትምህርት እሰጣለሁ። ሕመሙ ለአንድ ቀን የሚተውልኝ አቅም ለአንድ ሥራ ብቻ ስለሚበቃ፣ ሁለቱን ለማዳረስ መሞከር አልችልም። አስቤበት ወደ ተማሪዎቼ ለመሄድ ወስኛለሁ። ካልቀረብኩ ማመልከቻዬ እንደተተወ እንደሚቆጠር ወይዘሪት ዮዲት፣ የቢሮዎ ጸሐፊ፣ በስልክ በትሕትና አስረድተውኛል። ድምፃቸው ያዘነ ይመስል ነበር።

ክቡር ሆይ፣ አሁን ያለ ምንም ቀልድ አንድ ነገር ልለምንዎት። ባለቤቴ የቄሱን ደብዳቤ ልታስገባ በመጣች ጊዜ ፋይሌን ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ አይታዋለች፤ የሐኪሜ ፖስታም በታኅሣሥ እንደታሸገ ነበር። የምፈልገው ሰውነቴን ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ማምጣት ሳይሆን ያ ፖስታ እንዲከፈት ነው። ውስጡ የአምስት ዓመት ምርመራ ውጤት አለ፤ የደሙም ጭምር። ካነበባችሁት በኋላ መሥራት አይችልም ብላችሁ ብትወስኑ እቀበላለሁ፤ በሕይወቴ ብዙ ውሳኔ ሰጥቻለሁ፣ ተቀብያለሁም። ማስተማር ግን ከሕመሙ የተረፈኝ ብቸኛ ነገር ነው፤ እርሱንም የምነጠቀው ማንም ባላነበበው ወረቀት እንዲሆን አልፈልግም።

ለቦርዱ ረጅም ዘመን፣ ለስብሰባዎቹ አጭር ዕድሜ፣ ለእርስዎም ከወረቀት የማይሸሽ ብርቱ ዓይን እየተመኘሁ፣ በየሁለት ሰዓቱ አክባሪዎ የሆንኩ፣

ኃይለጊዮርጊስ ወርቁ
ሐዋሳ፣ ታቦር
ግንቦት 12 ቀን

ድኅረ ጽሑፍ፦ ወረቀቱ ሳይደርስ ቢቀር፣ በመጪው ዓመት ለምን ክፍል እንዳልተገኘሁ ተማሪዎች መጠየቃቸው አይቀርም። ቦርዱ ምክንያቱን ለማብራራት እንዳይደክም አደራ እላለሁ። የአፈሩን ናሙና ከከረጢቱ ሳያወጣ ውጤት የሚጽፍ ሰው ምን ተብሎ እንደሚጠራ በመጀመሪያው ሴሚስተር ስላስተማርኳቸው፣ መልሱን ራሳቸው ያገኙታል።