የሄገርቲዎች ግድግዳ

ሰኞ፣ ኦክቶበር 5፣ 2020

ዛሬም ከአማቴ ከሞሪን ጋር ተጣላን። የምሠራበት ካዚኖ በማርች ከዘጋ ወዲህ እኔና ባሌ ዳን ላስ ቬጋስ፣ ማውንተንስ ኤጅ ሰፈር፣ እናቱ ቤት ነን። ሰባት ወር ሙሉ! ሞሪን ሳሎኗ ግድግዳ ላይ ዘጠኝ ፎቶ ሰቅላለች። ሁሉም እንደ ባሌ ቤተሰብ ሄገርቲ የሚባሉ ስመ ጥር ሰዎች ናቸው፦ ጳጳስ፣ ጄኔራል፣ ቦክሰኛ፣ ዳኛ... ከኢንተርኔት የለቀመቻቸው። ልጄ ሊወለድ ቀናት ቀርተውታል፤ እሷ በጄኔራሉ ስም ቶማስ በሉት ትላለች። እኔ ተስፋዬ ነው የምለው፣ በአባቴ። አባቴ በኤፕሪል አገር ቤት አረፈ። በኮቪድ ምክንያት ሄጄ አልቀበርኩትም።

"ተስፋዬ ሄገርቲ የሚባል ሰው እዚህ ግድግዳ ላይ አይወጣም" አለችኝ።

ዳን ሳህን ያጥባል። ጠብ ሲነሳ ሁሌም ሳህን ያጥባል።

ማክሰኞ

ከዘጠኙ ዘመድሽ የትኛው ነው ብዬ ጠየቅኋት። አንዳቸውም። ስም ራሱ ደም ነው አለችኝ። አንቺ እኮ ስሙን በጋብቻ ነው ያገኘሽው አልኳት። እርስዎ የሚል ቃል ቋንቋቸው ውስጥ ስለሌለ ደስ ይለኛል።

ከሰዓት በስልኬ ስሙን ሰርች አደረግሁ። ከመቶ ዓመት በፊት ባቡር ሲዘርፍ ተይዞ የተሰቀለ ሄገርቲ አገኘሁ። ጺሙ ያምራል።

ረቡዕ

ፎቶውን ፋርማሲ ፕሪንት አስደረግሁት። ፍሬም ገዛሁ። ወገቤ እየቆረጠኝ ወንበር ላይ ወጥቼ ጳጳሱና ጄኔራሉ መሀል ደግሜ ሰቀልኩት።

ሞሪን ራሷ አላየችውም። ጎረቤቷ ማስኳን እንዳደረገች በር ላይ ቆማ ያ ቆንጆ ማነው ብላ ጠየቀቻት። ሞሪን ቀርባ ከሥሩ ባቡር ዘራፊው ሄገርቲ ብዬ የጻፍኩትን አነበበች። አንገቷ ድረስ ቀላች።

"ከቤቴ ውጪልኝ" አለችኝ።

ዳን ከኩሽና መጣ። እጁ አረፋ ነበር።

"እሷ ከወጣች እኔም እወጣለሁ።"

ሰባት ወር የጠበቅሁት ቃል ነው። የት እንደምንሄድ ግን አላውቅም።

ሐሙስ

ምጡ ጠዋት ጀመረኝ። ሄንደርሰን ሆስፒታል ገባን። ሞሪን በመኪናዋ ተከትላን መጣች፤ ከአንድ ሰው በላይ አይገባም ብለው ከበር መለሷት። ደስ አለኝ። ደስ በማለቴ አፈርኩ፣ ትንሽ።

ወንድ። ሦስት ኪሎ ከምናምን። ጸጉሩ ጥቅጥቅ ያለ።

ዓርብ

ነርሷ የልደት ፎርም ይዛ መጣች። ለዳን ሰጠሁት። ደክሞኝ አይደለም፤ ምን እንደሚጽፍ ለማየት ፈልጌ ነው። እስክሪብቶውን ይዞ ቆየ። ከዚያ የአባቴን ስም ፊደል በፊደል ንገሪኝ አለ። ነገርኩት። ጻፈ፣ ፈረመ። አለቀስኩ።

ሞሪን ደወለች። ዳን ስፒከር ላይ አድርጎ ስሙን ነገራት።

"ጤነኛ ነው?" አለች።

"ጤነኛ ነው" አልኳት እኔ።

"ክፍላችሁን አልነካሁትም" አለችና ዘጋችው።

እርቅ ይሁን ትእዛዝ አልገባኝም። ተመልሼ መግባት አልፈልግም። ዳን አጠገቤ ተቀምጦ ምሥራቅ ላስ ቬጋስ የሚከራይ ቤት እየፈለገ ነው። አንዱ አከራይ ለነገ ቀጠሮ ሰጥቶታል። የቤቱ መስኮት ወደ ፓርኪንግ ነው ይላል። ይሁን።