አንድ ቅጠል፣ ብዙ ቅጠል

ይድረስ ለእትዬ፤ ሰላምታዬ ከደጃፍሽ ጀምሮ እስከ ጓዳሽ ይግባ። እኔ ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ወፍሬያለሁ፤ ደረጃ መውጣት መውረድ የለብኝማ።

የማስታምማቸው አዛውንት ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር ናቸው። ሾርባ ሳጎርሳቸው ያስተምሩኛል። ጥርስ «ቱዝ» ነው፣ ሲበዛ «ቲዝ»። እግር «ፉት» ነው፣ ሲበዛ «ፊት»! «ታዲያ የእኛ ፊት የእነሱ እግር ነው?» ብላቸው ሾርባው ትን አላቸው።

ባለፈው ደግሞ በመስኮቱ ዛፍ አሳዩኝ። ቅጠል «ሊፍ» ነው፤ ሲበዛ «ሊቭስ» ይሆናል። «ይኸው ቃል ‹ትሄዳለች› ማለትም ነው» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ጮክ ብዬ ስደጋግመው ልጃቸው ከሳሎን ሰምታ መጣች።

«ማናት የምትሄደው?» አለች።

«ስለ ቅጠል ነው የምናወራው» አሉ አባቷ። እጄን ግን ጭብጥ አድርገው ይዘውኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የበሩን ቁልፍ ገላዋን ልትታጠብ ስትገባም ይዛው ትገባለች። ጠንቃቃ ሴት ናት። ስልኬንም እንዳይሰበርብኝ ብላ አስቀምጣልኛለች፤ ጠፋች ብለሽ እንዳትቀየሚኝ። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልኝ መርፌ የምትወጋቸው ነርስ ናት፤ ኪሷ ስለሚሞላ ካልሲዋ ውስጥ አድርጋው ትወጣለች።

ወንድማችን ለሥራ ወደዚህ እመጣለሁ ይል አልነበር? ከመጣ ይጠይቀኝ። ደወሉን ግን አይደውል፤ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ወደ ሦስተኛው ፎቅ መስኮት ቀና ብሎ ይመልከት። የመጣ ቀን፣ በየትኛውም ሰዓት፣ አለሁ።

ልጆችሽን ጉንጭ ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ደህና ሁኚልኝ፣ እናቴ።

ታናሽሽ