ዶናታ ያልተቀበለችው ሠላሳ

ባሪ ከተማ፣ ሰኔ 19። ዛሬ ጠዋት አንዲት ተማሪዬ ሠላሳ ከሠላሳ ሰጥቻት አልቀበልም አለች።

ለባለቤቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ? ሮተርዳም ያለው ቤትሽ ደረጃ ይበዛዋል ብለሽኝ ነበር። እኔ ደህና ነኝ፤ ሙቀቱ ብቻ ከአሁኑ እንቅልፍ ነስቶኛል። ይህን የምጽፍልሽ ከዩኒቨርሲቲያችን ሬጅስትራር ቢሮ ደጃፍ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። የሮተርዳሙ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የጠየቁኝን የአገልግሎት ማስረጃ ለማስወጣት ተራ እየጠበቅሁ ነው። ዛሬ ካልደረሳቸው የማስተማሪያውን ቦታ ለሌላ ሰው ይሰጡታል። ትናንት በስልክ “ሦስተኛ ዓመት አልጠብቅም” ያልሽኝንም ሰምቻለሁ።

ልጅቷ ዶናታ ትባላለች። በቃል ፈተናው ላይ፣ በሁሉም ነገር የሚበልጥ አገር ከደካማ አገር ጋር ቢነግድ ምን ይጠቅመዋል ብዬ ጠየቅኋት። ሌሎቹ መጽሐፉን በቃላቸው ያነበንቡታል። እሷ ስለ እናቷ ነገረችኝ። እናቷ ፀጉር ትሠራለች፤ ኦሬኪዬቴ ፓስታ በመጠቅለልም በሰፈሩ የሚያህላት የለም። ግን ፓስታውን ከጎረቤት ትገዛለች፤ ሊጥ ስትጠቀልል የምታጠፋው ሰዓት ሳይሠራ የሚቀር ፀጉር ነው። ጎረቤቲቱ በሁለቱም ሙያ ብትበለጥም የምትሸጠው አላጣችም። እኔ ይህን ለማስረዳት ሁለት ሳምንት ይፈጅብኛል።

ሠላሳ አልኋት። “ይቅርታ ፕሮፌሰር፣ አልቀበልም” አለች።

ውጤት አልፈልግም ብሎ እንደገና መፈተን ለእኛ አዲስ አይደለም። አንቺም በሃያ አራት አኩርፈሽ መስከረም ላይ እንደገና ተፈትነሻል። ሠላሳ የመለሰ ሰው ግን አይቼ አላውቅም። ረዳቴ ሩጄሮ “አንቺ ልጅ፣ ሠላሳ አንድ አምጡ ነው የምትይን?” አላት። ከኋላ አንዱ “ፕሮፌሰር፣ እሷ ካልፈለገችው ለእኔ ይስጡኝ፣ እኔ ኩራት የለብኝም!” ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሷ መታወቂያዋን አንስታ ወጣች።

ኮሪደሩ ላይ ደረስሁባትና ምን ሆነሽ ነው አልኋት። የመጨረሻ ፈተናዋ ነበር። ብትቀበለው በሐምሌ ትመረቃለች፤ ስትመረቅ ደግሞ ውጭ አገር፣ ሽቱትጋርት ያለው አጎቷ ክፍል አዘጋጅቶ ይጠብቃታል። አባቷ ለሚኖሩበት ሕንፃ ሰው ሁሉ ተናግሯል፣ በምረቃዋ ቀን የምትደፋውን የቅጠል አክሊልም አዟል።

“መሄድ አትፈልጊም?” አልኋት።

“አላውቅም። ባውቅማ አንዱን እናገር ነበር” አለችኝ።

“መስከረምስ?”

“መስከረምም እመልሰው ይሆናል። ስንት ጊዜ ይፈቀዳል?”

የፈለግሽውን ያህል አልኋት። ሳቀች። “እንግዲያው ቢጥሉኝ ይቀልለኝ ነበር። ለአባቴ የምነግረው አገኝ ነበር” አለችኝ። እንዲህ የመለሰችን ልጅ እንዴት እጥላለሁ? አልችልም አልኋት። ከዚያ “እርስዎስ ፕሮፌሰር? ባለቤትዎ ሮተርዳም ናቸው፣ ሥራውም እዚያ ነው ይባላል። ምን ያስቀምጥዎታል?” አለችኝ።

ማን ነገረሽ አልኋት። “ኧረ የቡና ማሽኑም ያውቃል” አለችኝ።

ሃያ ዓመት ያህል ዕቃም ሰውም የተሻለ ዋጋ ወደሚያገኝበት ይሄዳል እያልሁ አስተምሬያለሁ። የማይሄድ ሲገጥመኝ “የመጓጓዣ ወጪ” ብዬ ሰሌዳው ላይ አንዲት ፊደል እጽፍና አልፋለሁ። ዛሬ ያቺ ፊደል ውስጥ ምን እንዳለ አንድ በአንድ ቆጠርሁ። እናቴ ከሞተች ቆየች። ቤቱ የኪራይ ነው። እዚህ የሚከፈለኝን ታውቂያለሽ። ሂሳቡን ደጋግሜ ሠራሁት፤ ሁልጊዜ አንቺ ትክክል ሆነሽ ትወጫለሽ። እንደምወድሽም አልጠራጠርም። ታዲያ ማስረጃውን ለማስወጣት ለምን የመጨረሻውን ቀን ጠበቅሁ? ዶናታን ፈሪ ልላት አፌ ላይ መጥቶ ነበር። አላልኋትም።

የጻፍሁትን መልሼ ሳነበው ስለ እሷ ነው ስለ እኔ የጻፍሁት ግራ ገባኝ። አንቺ ከእኔ የተሻለ ታነቢያለሽ።

ከፊቴ የነበሩት ሽማግሌ ጨርሰው ወጡ። የቢሮው ሠራተኛ ፊሎሜና በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ “ፕሮፌሰር፣ ይምጡ እንጂ! ልዘጋ ነው፣ ምሳዬ እየቀዘቀዘ ነው” ትለኛለች። መጣሁ ብያታለሁ። ይህችን የምጽፈው ቆሜ ነው። “ወዴት ነው? መስኮቱ በዚህ ነው!” እያለችኝ ነው። ፖስታ ቤቱ ሳይዘጋ ይህን ልላክልሽ ብዬ፣ ማስረጃውን ሳላስወጣ ወደ በሩ እየሄድሁ ነው።

ጉልበትሽን አደራ። የምትገቢበት ቤት ሁሉ ይሙቅሽ፣ ደጅሽን የሚያንኳኳ ደግ ሰው አይጥፋ።

ባልሽ