የእማማ ፈንታነሽ ግራ ዓይን

ስጦታው፣

እናትህ ከቅዳሴ ሳይመለሱ ወደ ሞጣ ሄጃለሁ። ለሚጠይቅህ ሁሉ ሥራ አለው በል፤ አንተ ግን ፈርቼ እንደሆነ ታውቃለህ።

ጤፍህን ኬሻው ውስጥ መልሼዋለሁ። ጥቁሩ ጃኬቴ ላይ በትኜ ፎቶ ያነሣሁት በኮምፒውተር ለምሠራው የእናትህ ሥዕል ሻካራ ጥላ እንዲሆነኝ ነበር። ሳታስፈጨው ንፋው፤ የጃኬቴ ክር አይጠፋውም።

ያንን ጤፍ በፎቶሾፕ እናትህ ፊት ላይ ነሰነስሁት፣ ነሰነስሁት፣ ግራ ዓይናቸው እስኪጠፋ ድረስ። ጥበብ መስሎኝ! የመሪጌታ ልጅ ሆኜ፣ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ባንድ ዓይን የሚሣሉት ይሁዳና ሰይጣን መሆናቸውን ረሳሁት። ትናንት አሳትሜ በኩራት ስሰጣቸው ያሉኝን ሰምተሃል፦

«ልጄ፣ ምን በደልሁህና ከይሁዳ ጋር አሰለፍኸኝ?»

አንተም እዚያው ነበርህ።
ስሠራ ከኋላዬ ቆሞ «ኧረ ጥላ ጨምርበት» ይለኝ የነበረው ማን እንደሆነ አላነሣም።

ኮምፒውተሩን አልዘጋሁትም። ከፊታቸው ላይ የደረብሁትን «ጥላ» የሚለውን ሌየር ብቻ አጥፋው፤ ዓይናቸው ከሥሩ አለ። አሳያቸው።

ይቅርታ በልልኝ። ከሳቁ ደውልልኝ፣ ዛሬውኑ እመለሳለሁ።
ካልሳቁ አትደውል፤ ሞጣ አክስት አለችኝ።

ታደለ